ለጡረታ አንድ የጋሪ ፈረስና አንድ ካሜራ

ሐዋሳ ላይ ጡረታ የወጡ አያት «ፈረስ ልግዛ» ሲሉ ቤተሰቡ ቀድሞ የሚያሰላው የመኖውን ዋጋ ነው። እሱም ቀላል አይደለም፤ ከባዱ ግን ፈረስ እሑድም በዓልም የማያውቅ መሆኑ ነው። ሌላው የጡረታ መዝናኛ፣ ካሜራ፣ ሳምንት ሙሉ ቦርሳ ውስጥ ቢቀመጥ አይከፋውም። ሁለቱን ደርቦ መያዝ ግን ያዋጣል፤ ካሜራው የሐይቁን ወፎች ከማንሳት ይልቅ ለፈረሱ ጤና ይበልጥ ይሠራልና።

ለአዛውንት የሚስማማው ከ8 እስከ 12 ዓመት የሆነው፣ ጋሪ የለመደ፣ የባጃጅ ጥሩንባ የማያስደነግጠው ፈረስ ነው። ወጣት ፈረስ ማግራት የጉልበተኛ ሥራ ነው፤ ለጎረምሶች ይተው። ዕድሜውን ከሻጩ አፍ ሳይሆን ከፈረሱ አፍ እዩ። የፊት ጥርሶቹ በሦስት ዙር ይቀየራሉ፤ መካከለኞቹ በ2 ዓመት ተኩል፣ ቀጥሎ ያሉት በ3 ተኩል፣ የዳሮቹ በ4 ተኩል። 10 ዓመት አካባቢ የላይኛው የዳር ጥርስ ላይ ከድዱ ሥር ጠቆር ያለ ቦይ ብቅ ይላል፤ በ15 ግማሽ ይደርሳል፣ በ20 ጫፍ ይነካል። አሸዋ የበዛበት ግጦሽ ላይ ያደገ ፈረስ ጥርሱ ቶሎ ስለሚያልቅ ይህ ግምት እንጂ የልደት ካርድ አይደለም። ጀርባውንና ደረቱንም ዳብሱ። ዳማ ፈረስ ላይ በማይጠበቅ ቦታ ነጭ ፀጉር ከበቀለ የድሮ የዕቃ (ጋሪ የሚጎትትበት ቀበቶና ማሰሪያ) ቁስል ነው፤ ዕቃው ካልተስተካከለ እዚያው ላይ ይደገማል።

መኖ በግምት አይሰጥም፤ ክብደት ይለካል። ሚዛን ስለማይገኝ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከፊት እግሮቹ ጀርባ ደረቱን ዙሪያውን ለኩ፤ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው ጫፍ ርዝመቱን ለኩ። የደረቱን ልክ በራሱ አባዝታችሁ፣ በርዝመቱ አባዝታችሁ፣ ለ11,880 አካፍሉ። ደረቱ 145፣ ርዝመቱ 130 ሳንቲሜትር የሆነ ፈረስ 230 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ለእሱ በቀን ከክብደቱ 2 በመቶ፣ ማለትም 4 ኪሎ ተኩል ያህል ደረቅ መኖ ይበቃዋል። ሥራ ከበዛበት ይጨመራል። አብዛኛው ድርቆሽና ጭድ ይሁን፤ ገብስ ወይም ፉርሽካ በአንድ ጊዜ ከ1 ኪሎ አይበልጥ። ፉርሽካ ርካሽ ስለሆነ ብቻውን የሚሰጥ ብዙ ነው፤ ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ እጅግ ስለሚበልጥ ወራት ሲቆይ አጥንቱን ያሳሳል፣ ፊቱን ያሳብጣል። አልፋልፋ የሚባለው የመኖ ተክል ከተገኘ አቀላቅሉለት፤ አሞሌ ጨውም አይጥፋ።

ውሃ ላይ ግን መሰሰት የለም። ሥራ ላይ ያለ ፈረስ በሙቀት ቀን 30 ሊትርና ከዚያም በላይ ይጠጣል፤ ባልዲ ስትቆጥሩ ሦስት መሆኑ ነው። «ሥራ ላይ ውሃ ከጠጣ ሆዱን ያመዋል» የሚባለው ብዙ ፈረስ ጎድቷል። ሆድ የሚያስረው ደረቅ ጭድ ያለ በቂ ውሃ ሲገባ፣ ወይም ፈረሱ ሜዳ ላይ ፌስታል ሲበላ ነው። ጎኑን ደጋግሞ እያየ፣ መሬቱን በእግሩ እየጫረ፣ ተኝቶ እየተንከባለለ ፋንድያ ካልጣለ የእንስሳት ሐኪም ዛሬውኑ ይጠራ። ዘይት በጠርሙስ አፉ ውስጥ መጋት ወደ ሳንባው ሊገባና ሊገድለው ይችላል፤ ሐኪም በአፍንጫ ቱቦ የሚያደርገውን ጠርሙስ አይተካውም።

የዕቃው ነገር ቶሎ ይነገራል። የደረት ቀበቶ ስፋቱ ቢያንስ አራት ጣት ይሁን፣ ናይለን ገመድ ቆዳውን አይንካ። ላብ ያደረቀው ጨርቅ እንደ ሞረድ ስለሚፈገፍግ በየሁለት ቀኑ ይታጠብ። ጭነቱ ጋሪው ላይ ሲደረደር ሚዛኑ ከጎማው በላይ ይዋል፤ ወደ ኋላ ከበዛ ዘንጎቹ ተነስተው የሆድ ቀበቶውን ይስባሉ፣ ወደ ፊት ከበዛ ጀርባውን ይጫኑታል። ቁስል ከታየ አንድ ሊትር ተፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ላይ ሁለት ያልሞላ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ማጠብ ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀባ አለ፤ እባካችሁ!

ቁስል የሚያስፈራው በንድፍት ምክንያት ነው። ንድፍት በፈንገስ የሚመጣ በሽታ ሲሆን እግር፣ አንገት ወይም ደረት ላይ እንደ መቁጠሪያ የተሰደሩ እብጠቶች ያወጣል፤ እየፈነዱ መግል ያፈሳሉ። ዝንብና በውሰት የሚዞር ዕቃ ያዛምቱታል። ስለዚህ ልጓምና ቀበቶ አይዋሱ፣ ቁስል ዝንብ አይረፍበት። ቀድሞ የተያዘ በአዮዲን ሕክምና የመዳን ዕድል አለው፤ መገጣጠሚያው ካበጠ በኋላ ግን ተስፋው ይመነምናል። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ክትባት ደግሞ ክረምት ሳይገባ በየዓመቱ ይሰጥ። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ ከምሽት እስከ ንጋት ስለምትናደፍ ፈረሱ ሌሊቱን ጋጣ ቢያድር ይሻላል።

ወደ ካሜራው እንምጣ። ፈረስና ፎቶግራፍ የቆየ ዝምድና አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1878 ኢድዌርድ ማይብሪጅ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካሜራዎች ደርድሮ የሚጋልብ ፈረስ አራቱም እግሮቹ አንድ ላይ ከመሬት የሚነሱበት ቅጽበት እንዳለ አሳይቷል። ዛሬ ያ ሁሉ መሣሪያ የልጅ ልጅ ስልክ ውስጥ ነው። ፈረሱ ያነክስ እንደሆነ ስትጠራጠሩ ገመዱን ላላ አድርጎ ሌላ ሰው በደልዳላ ኮብልስቶን ላይ 30 ሜትር ያህል ሶምሶማ ያስኪደው፤ እናንተ ከፊት፣ ከኋላና ከጎን በስሎው ሞሽን ቅረጹ። የታመመው የፊት እግር መሬት ሲነካ ፈረሱ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ያነሳል፤ ደህናው ሲያርፍ ዝቅ ያደርጋል። ብዙ ሰው ገልብጦ ያነበውና ደህናውን እግር ሲያሽ ይውላል። የኋላ እግር ከሆነ ዳሌውን እዩ፤ ይበልጥ ከፍ ዝቅ የሚለው ወገን ነው የታመመው።

በወር አንዴም በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ጎኑን አንሱ። ሰው በየቀኑ የሚያየውን መክሳት አያስተውልም፤ ሦስት ፎቶ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ግን የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። ካሜራው በሆዱ ቁመት ይሁን፣ ራቅ ብላችሁ በዙም አቅርቡት፤ ተጠግቶ በስልክ ማንሳት ጭንቅላቱን ያገዝፍና ሰውነቱን ያኮስሳል። ለኮቴ ደግሞ ስልኩን መሬት ላይ አስቀምጡት። የኮቴው ፊትና ከላዩ ያለው አጥንት አንድ ቀጥ ያለ መስመር ከሠሩ ጥሩ ነው፤ መስመሩ ከተሰበረ መከርከሚያው ደርሷል፣ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ነው። ክርከማው ለባለሙያ ይሁን፤ ጎንበስ ብሎ እግር ይዞ መቆየት ለአያት ወገብ አይሆንም። ሲጎትቱትም ገመዱን እጃቸው ላይ አይጠምጥሙ፤ ፈረሱ የደነገጠ ዕለት ጣት ይዞ ይሄዳል።

ፈረሱ ጠዋት በልቶ ሲያርፍ ሐይቁ አለ። ሐይቁ ከከተማው በስተ ምዕራብ ስለሆነ ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 2፡30 ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ናት፤ አሞራ ገደል በሚባለው የሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያ ዓሣ ሲወርድ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አጠገባችሁ ይቆማሉ፣ 300 ሚሊሜትር ሌንስ ከበቂ በላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ፊት ለፊት ስለሚመጣ ጥላ መልክ ካልፈለጋችሁ አትድከሙ። ለሚበር ወፍ የካሜራውን የመዝጊያ ፍጥነት 1/1000 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ አድርጉ። ጠቆር ባለ ውሃ ላይ ያለ ነጭ ፔሊካን ላባው ተቃጥሎ እንዳይወጣ ካሜራው ላይ የብርሃኑን መጠን ከግማሽ እስከ አንድ ደረጃ ቀንሱ፤ አምባላይ ፈረስ ፍሬሙን ከሞላው ግን ተቃራኒው ነው፣ ጨምሩ፤ አለዚያ ግራጫ ይሆናል። ሌንስ ጋጣ ውስጥ አትቀይሩ፤ የጤፍ ጭድ ብናኝ ሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ላይ ካረፈ በየፎቶው ሰማይ ላይ ነጠብጣብ ይሆናል።