ማቴዎስ 24፦ የቱ ተፈጸመ? የቱ ይቀራል?

ከ2014ቱ የጥቅምትና ኅዳር ጦርነት ወዲህ ደሴ ላይ ማቴዎስ 24 ሳይነሣ የሚበተን ጉባኤ ጥቂት ነው። «ጦርንም የጦርንም ወሬ ትሰሙ ዘንድ አላችሁ» የሚለውን ከተማው በራሱ ላይ ስላየው፣ ብዙ ሰው «በቃ፣ ይኸው መጨረሻው» አለ። ያው ጥቅስ ግን «መጨረሻው ገና ነው» ብሎ ነው የሚዘጋው። አሁን ደግሞ በየስልኩ የሚዘዋወር ተቃራኒ ትምህርት መጥቷል፦ ምዕራፉ በሙሉ ኢየሩሳሌም በ70 ዓ.ም. ስትጠፋ ተፈጽሟል፣ የሚጠበቅ የለም ይላል። ሁለቱም ወገን ምዕራፉን ሳይከፍል ባንድ ትንፋሽ ያነበዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የምታስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ ማቴዎስ 24ን፣ ማርቆስ 13ንና ሉቃስ 21ን ጎን ለጎን ክፈቱ። ማቴዎስ ላይ ደቀ መዛሙርቱ መቅደሱ መቼ እንደሚፈርስ ጠይቀው፣ የመምጣቱንና የዓለም መጨረሻንም ምልክት ይጨምራሉ። ማቴዎስ «የጥፋትን ርኵሰት» ባለበት ቦታ ሉቃስ 21፥20 ኢየሩሳሌም በጭፍራ ስትከበብ ይላል። በይሁዳ ያሉት ወደ ተራራ ይሽሹ የሚለውም ለዚያ ነው፤ ዓለም ሲያልፍማ ተራራ ምን ይረባል? ታሪኩም ይገጥማል። በ66 የሶርያው ሮማዊ ገዥ ኬስትዮስ ጋሎስ ከተማዋን ከብቦ ሳይታሰብ ተመለሰ። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ እንደጻፈው ክርስቲያኖቹ ከዮርዳኖስ ማዶ ወዳለችው ወደ ጴላ ወጡ። በ70 የሮም ጦር አዛዥ ጥጦስ ለአምስት ወር ያህል ከብቦ፣ በነሐሴ መቅደሱ ተቃጠለ። «የምዕራቡ ግንብ ቆሞ የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እሱ መቅደሱ የተሠራበትን መደብ ደግፎ የያዘ ግንብ እንጂ የመቅደሱ ግድግዳ አይደለም።

ለዚህ ታሪክ ዜና አይሁድን፣ ማለትም በግእዝ የሚነበበውን የአይሁድ ታሪክ፣ የምትጠቅሱ ተጠንቀቁ። መሠረቱ በ10ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በደቡብ ጣልያን በዕብራይስጥ የተጻፈ ነው። ከበባውን በዓይኑ ያየው አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ የጻፈው ሌላ መጽሐፍ ነው።

ከባዱ ከቁጥር 29 እስከ 34 ያለው ነው። «ይህ ሁሉ እስኪሆን ድረስ ይህ ትውልድ አያልፍም» ተብሏልና «ሁሉም አልፏል» የሚሉት ሙግታቸው ባዶ አይደለም። ፀሐይ ትጨልማለች የሚለውንም ኢሳይያስ 13፥10 ስለ ባቢሎን ውድቀት ተናግሮታል። ዮሐንስ አፈወርቅ እስከ ቁጥር 22 ያለውን ለኢየሩሳሌም ሰጥቶ ከ23 ጀምሮ ወደ ዳግም ምጽአት ያሻግረዋል፤ «ትውልድ» የተባሉትም ለእሱ ምእመናን ናቸው። እኔ ግን 23፥36 ላይ ያው ቃል በዚያ ዘመን ለነበሩት ስለተነገረ፣ እዚህም እነሱን ማለቱ ይመስለኛል። ቢሆንም ቁጥር 36 «ስለዚያች ቀንና ስለዚያች ሰዓት ግን» ብሎ ሌላ ቀን ይከፍታል። የሽሽቱ ምልክት ይታወቃል፣ ያቺ ቀን ግን አትታወቅም።

ሙግቱ የዮሐንስ ራእይ ላይ ሲደርስ የአውሬው ቁጥር 666 ይነሣል፤ «ሁሉም አልፏል» የሚሉት አውሬው የሮሙ ቄሳር ኔሮን ነው ይላሉ። በመዝሙር 118 የምናውቃቸውን ፊደላት በዕብራይስጥ ቁጥራቸው ደምሩ፦ ኖን 50፣ ሬስ 200፣ ዋው 6፣ ኖን 50፣ ቆፍ 100፣ ሳምኬት 60፣ ሬስ 200። «ኔሮን ቄሳር» ልክ 666 ይመጣል። የመጨረሻው ኖን ሲወድቅ 616 ይሆናል፤ ይህም በአንዳንድ ጥንታዊ ቅጂ ይገኛል። ችግሩ «ቄሳር» በዮድ ሲጻፍ 10 ይጨምርና 676 ይሆናል። ቁጥሩን የመረመረው የ2ኛው ክፍለ ዘመን አባት ሄሬኔዎስም ሌሎች ስሞችን እንጂ ኔሮንን አላነሣም፤ ራእዩም የታየው በሮሙ ቄሳር በድምጥያኖስ ዘመን መጨረሻ፣ ማለትም 96 አካባቢ ነው ይላል። መጽሐፉ ከ70 በፊት ካልተጻፈ ደግሞ «ሁሉም በ70 አለቀ» ማለት ይፈርሳል። አንድን ትምህርት ሙሉ በሙሉ በዚህ ስሌት ላይ ማቆም አያዋጣም።

ከዚህ ወዲያ ክርክሩ የትርጓሜ ልዩነት መሆኑ ያበቃል። የመቅደሱ ትንቢት ተፈጽሟል የሚል ወንድማችን ነው። ትንሣኤ ሙታንም አልፏል የሚለውን ግን ጳውሎስ በ2ኛ ጢሞቴዎስ 2፥17–18 ሄሜኔዎስና ፊሊጦስ ብሎ በስም ጠርቶ አውግዞታል። በጉባኤ መካከል እንዲህ ያለ ሰው ሲነሣ ስለ ጥጦስ አትከራከሩት፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 11፥26ን አውጥታችሁ «ጌታ እስኪመጣ ድረስ» የሚለውን ራሱ ያንብብ። ጌታ በ70 መጥቶ ከነበረ ቅዱስ ቁርባኑ እስከ መቼ ሊቆይ ተሰጠ? በየቅዳሴውስ «ነአምን ዕርገተከ ወዳግመ ምጽአተከ» (ዕርገትህንና ዳግም መምጣትህን እናምናለን) የምንለው ማንን እየጠበቅን ነው?