እምቦጭ ነቀላ ደምቢያ፤ ከመንቀሉ መሸከሙ

«እምቦጭ ለመንቀል ጎንደር ድረስ?» ያላለኝ የመሥሪያ ቤት ሰው የለም። እውነታቸውን ነው። የአዳማ ልጅ ነኝ፤ ቆቃ ከሰፈሬ ቅርብ ነው። ግድቡ በ1952 ዓ.ም. ተጠናቀቀ፣ አሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላው እምቦጭ የሚባለው ተንሳፋፊ የውሃ አረም ገባበት፣ ይኸው እስከ ዛሬ አለ። እኛ ግን ዓሣ ልንበላ ስንሄድ በመኪና መስኮት እያየነው «አበባው ሲያምር!» ብለን ነው የምናልፈው። ለጣና አገር ሲነሣ ለቆቃ የተነሣ ሰው አላስታውስም።

እኔን ያስነሣችኝ የአክስቴ ልጅ ናት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ጤና ታጠናለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአንድ ትንሽ የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር ጋር ጣና ዳር ወዳለችው ደምቢያ እየወረደች እምቦጭ ትነቅላለች። ጥቅምት 2011 ላይ የዓመት ፈቃድ መውጣቴን ስትሰማ «ሶደሬ ከምትዘፈዘፊ እዚህ ነይና ተዘፍዘፊ» አለችኝ። ሄድኩ።

ስለ መንገዱ የምለው ብዙም የለኝ፤ ከአዲስ አበባ ሌሊት ተነሥተን ዓባይ በረሃን ተኝቼ አለፍኩት፣ አመሻሽ ላይ ጎንደር ገባን። ከአውቶቡሱ እንደወረድኩ አንድ ባጃጅ «ኮንትራት 100 ብር» አለኝ። ሻንጣዬንም አነጋገሬንም አይቶ ነው። ተከራክሬ 70 ከፈልኩ። በማግስቱ የአክስቴ ልጅ ያንኑ መንገድ በጥቂት ብር ወሰደችኝ። አዳማ እኮ የባጃጅ አገር ናት፤ ባጃጅ ነጂ ሲበላኝ ከገንዘቡ ይልቅ ክብሬ ነው የሚነካው። እስካሁን ትዝ ባለኝ ቁጥር ያናድደኛል።

ያረፍኩት ፒያሳ አጠገብ አንድ ፔንሲዮን ነው፤ አልጋው 250 ብር፣ ቧንቧው ደረቅ። «ውሃ ተራችን ነገ ነው» አለችኝ አስተናጋጇ፣ አንድ ባልዲ ከነጣሳው እያቀበለችኝ። ከመስኮቴ በታች አዝማሪ ቤት መኖሩን ግን አልነገረችኝም። ማሲንቆው እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት አላቋረጠም። መተኛት ካልተቻለ ብዬ ነጠላዬን ደርቤ ወረድኩ። አዝማሪው ከየት እንደመጣሁ ጠይቆኝ፣ በመጣሁበት ከተማም በዕንቅልፍ በተጫነው ዓይኔም ላይ ወዲያው ግጥም ሰካብኝ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። 10 ብር ግንባሩ ላይ ለጥፌለት ተመለስኩ። ሌሊቱ ቢበላሽም፣ በመዘለፍ እንዲህ የተደሰትኩበት ቀን የለም።

ፋሲል ግቢን ዞርኩ፤ ስለሱ የጻፈ ሰው ሞልቷል። ያቆመኝ ሌላ ቦታ ነው። ለጥምቀት የሚሞላው የፋሲል መዋኛ ውሃውን የሚያገኘው ከቀሃ ወንዝ ነው። ገንዳው በዛፍ ሥር ተከቦ፣ የዋርካው ሥር ድንጋዩን አቅፎ፣ ፀጥ ያለ ግቢ ነው። ወደ ወንዙ ወረድ ሲሉ ግን ፌስታል፣ የላስቲክ ጠርሙስ፣ የልብስ እጣቢ፣ ሌላም ስሙን የማልጠራው ነገር። ቀሃም አንገረብም ተያይዘው መገጭ ይገባሉ፣ መገጭ ደግሞ ጣና። እምቦጭ የሚሰባው በእንዲህ ያለው የከተማ ቆሻሻና ከየማሳው ታጥቦ በሚወርደው አፈርና ማዳበሪያ ነው። የአክስቴ ልጅ «ጎንደር ይጥላል፣ ደምቢያ ይለቅማል» አለችኝ። ቅዳሜን ሲጠብቁ የማኅበሩ ልጆች አንዳንዴ ቀሃ ዳር ፌስታል እንደሚለቅሙም ነገረችኝ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግማሹን ጉልበት እዚያው ማዋል ነበረባቸው። ግን ፌስታል ለመልቀም ሰው አይመጣም፤ ለጣና ሲባል ነው የሚመጣው።

ቅዳሜ ንጋት 12 ሰዓት ላይ አዘዞ ተገናኘን። ተማሪው፣ ልብስ ሰፊው፣ ሁለት ነርሶች፣ አንድ ዲያቆን፣ ሰብሳቢያቸው ደግሞ ጡረታ የወጡ መምህር፤ ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው። በአይሱዙ ጭነት ላይ ቆመን ወደ ቆላ ድባ ወረድን። ኑጉ አብቦ ሜዳው ቢጫ ነው፣ ጤፉ ገና አረንጓዴ፤ መሬቱ ለጥ ያለ ዋልካ። ተራራ ተራራ የሚሸት አገር ጠብቄ ነበር፤ ይኼ ግን ወንጂን አስመሰለብኝ፣ ሸንኮራው ብቻ ሲቀር። ቆላ ድባ ላይ አይሱዙው ቆመና ጋሼ እግሬን አዩ። ያደረግሁት ነጭ ስኒከር ነው።

«ልጄ፣ ይኼን ለሰርግ አስቀምጪው» አሉኝ።

ጉሊት ገብቼ በ65 ብር ኮንጎ ጫማ ገዛሁ፤ ክርክር የለ፣ ኮንትራት የለ። ሻጯ ነጭ ሽንኩርቷንና ጥቁር አዝሙዷን ገፋ አድርጋ በእጇ አፈሩን ከእግሬ ጠርጋ አጠለቀችልኝ። የባጃጁን ቂም ግማሹን ያን ጊዜ ተውኩት።

ከዚያ ወደ ሐይቁ ዳር። ጣናን ሳየው የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ውሃው የታል?» ነበር። ፊት ለፊቴ ያለው ከብት የሚግጥበት መስክ እንጂ ሐይቅ አይመስልም፤ ነፋስ ሲነካው ግን መስኩ በሙሉ ከፍ ዝቅ ይላል። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበው ሐይቅ ይኸው ነው። እምቦጩ በይፋ የታወቀው ከዚያ ቀድሞ፣ በ2004 መግቢያ ላይ ነው። አንዱን ነቅዬ አየሁት። የቅጠሉ ዘንግ ላይ እንደ አምፖል ያበጠ ነገር አለው፤ ሲጨምቁት ስፖንጅ ነው፣ የሚያንሳፍፈውም እሱ ነው። ሥሩ ጥቁርና ላባ የመሰለ፣ ጭቃና ትንንሽ ቀንድ አውጣ ተሸክሟል። አበባው ወይን ጠጅ ሆኖ አንዱ ቅጠሉ ላይ ቢጫ ዓይን አለው። እንደ ቆቃው ነው፤ እዚህ ግን «ሲያምር» የሚል የለም።

ሥራው ሦስት ቦታ ይከፈላል። ጉልበተኞቹ እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገብተው በእጅና በመንሽ ይጎትታሉ፤ መካከል ላይ ያሉት ተቀብለው ይቆልላሉ፤ የቀረነው በቃሬዛ እንሸከማለን። ቃሬዛው ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት ላይ የተሰፋ የማዳበሪያ ጆንያ ነው። ከእምቦጭ ክብደት ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው፤ እኛ እንግዲህ የጣናን ውሃ ተሸክመን ወደ ላይ እየወጣን ነው ማለት ነው። ዳር ላይ ላፈስሰው ስል ጋሼ ከሩቅ ጮኹ፤ «ከችካሉ ወዲያ!»

ችካሉ ሩቅ ነው። ሐይቁ ከፍ የሚለው ክረምት ሲወጣ ነው፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ፤ ከዚያ እስከ ሰኔ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይወርዳል። ደምቢያ ዳሩ ሜዳ ስለሆነ ያቺ አንድ ሜትር ተኩል ብዙ መሬት ትይዛለች። ዳር ላይ የተቆለለውን ውሃው ሲመለስ እንደገና ያነሣዋል። ያልተነሣው ደግሞ ዘሩን ጭቃ ውስጥ ይጥላል፤ ዘሩ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ ችካሉ የተተከለው ሐይቁ ከማይደርስበት ነው፤ እዚያ በፀሐይ ይደርቅና ይቃጠላል። ባንክ ቤት ገንዘብ ያዥ ነኝ፣ መቁጠር ልማዴ ነው፤ እዚህ ግን ቶሎ ተውኩት፤ ትከሻ ያዝናል።

«እምቦጭ የሚያጭደው ማሽኑስ?» አልኩ። የሳቁብኝ አብረውን የሚነቅሉት የአካባቢው ገበሬዎች ናቸው። ማሽን ውሃ ይፈልጋል፤ ብዙው እምቦጭ የሚተኛው ውሃው ጉልበት በማይደርስበት ዳር ላይ ነው። ከሁሉ በላይ የነቀሉት እነሱው ናቸው፣ ቅዳሜም ሰኞም። ውሃው ሲሸሽ ሽምብራና ጓያ የሚዘሩበት መሬት እምቦጭ ተኝቶበታል፤ ከብቱም ቢግጠው ሆዱን ይነፋዋል ይላሉ።

ረፋድ ላይ ከሩቅ ቩቩዜላ ተሰማ። ሁለት አውቶቡስ ሙሉ ሰው ወረደ፤ ከአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ነው፣ አዲስ ነጭ ቲሸርት ከነመፈክሩ። ተዘፈነ፣ ተጨፈረ፤ ጥቂቶቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡ፣ ብዙዎቹ አንዳንድ ነቅለው ወደ ካሜራ ከፍ አደረጉ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሄዱ። ያወጡት ክምር፣ እውነት ለመናገር ትንሽ አልነበረም፣ እዚያው ውሃው ጫፍ ላይ ቀረ። የቀረውን ቀን ያሳለፍነው የእነሱን ክምር ወደ ችካሉ ስናጋዝ ነው። ጋሼ ምንም አላሉም። እኔ ግን አልኩ፤ ለአንድ የቲሸርት ዋጋ ስንት ጆንያና እንጨት እንደሚገዛ ድምፄን ከፍ አድርጌ አሰላሁ፣ ልብስ ሰፊው ብቻ ነው የሰማኝ። «ቲሸርቱንም ሲቀደድ ለኔ ቢያመጡት ምን ነበረበት» አለ። እምቦጭ ነቀላ የሚባለው ስሙ ነው እንጂ ሥራው መሸከሙ ነው። መንቀሉ ፎቶ ይወጣዋል፤ መሸከሙን ማንም አያነሣውም።

ከሰዓት ቁርጭምጭሚቴ ላይ ጥቁር ነገር ተጣብቆ አየሁ፤ አልቅት ነው። ጩኸቴ እስከ ጎርጎራ ሳይሰማ አልቀረም። አንዲት እማማ ከደጃቸው ጨው በእፍኛቸው ይዘው መጡና አሹበት፤ ተላቆ ወደቀ።

«አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ደምሽን ቀምሶ የለ፣ እንግዲህ ዘመድ ሆናችኋል» አሉኝ።

እቤታቸው አስገብተው እግሬን በሞቀ ውሃ አስታጠቡኝ። የዳጉሳ እንጀራ በሽሮ፣ ከዚያ ጠላ በጣሳ፤ ልክፈል ብል ተቆጡኝ።

«ከወዴት ነሽ?»

«ከአዳማ ነኝ፣ እማማ።»

«ናዝሬት ነው?»

«አዎ።»

«እዚያስ ይኼ ጠላት አለ?»

«አለ፤ እኔ ሳልወለድ ነው የገባው።»

«ታዲያ የናንተን ማን ነቀለላችሁ?»

ጠላዬን ጠጣሁ። ጠላው ወፍራም ነበር፤ ጣሳው ሳይጎድል ደገሙኝ፣ ጥያቄውን ግን አልደገሙትም።

ማታ የአክስቴ ልጅ ስለ ቢልሃርዝያ ሙሉ ሌክቸር ሰጠችኝ፤ ጎርጎራ አካባቢ የታወቀ ነው፣ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው ቆይቶ ሰገራውን መመርመር አለበት። ቦት ጫማ ያለው ትንሽ ይሻለዋል፤ ማኅበሩ ያለው ቦት ግን ለነቃዮቹ ግማሽ አይበቃም፣ በተራ ነው የሚያደርጉት።

እሑድ ጎርጎራ ሄደን ቆሮሶ ዓሣ ጥብስ በላን፤ ከቆቃው ይሻላል፤ ይኼን አዳማ ላይ ጮክ ብዬ አልናገርም። አንድ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ዘርግቶ ጣቱን ያስገባበትን ቀዳዳ አሳየኝ፤ እምቦጩ እየጎተተ የቀደደው ነው። ስለ ነጭ ዓሣውም ነገረኝ፤ ክረምት ሲገባ ወደ ወንዞቹ ወጥቶ እንደሚራባ፣ አፉ በእምቦጭ በተዘጋ ወንዝ ግን እንደሚቸገር። በዓለም ላይ ከጣና ውጪ የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ከአሥር በላይ ናቸው። እሱ ሁሉንም «ነጭ ዓሣ» ነው የሚላቸው፤ በአፋቸውና በከንፈራቸው ግን ይለያቸዋል፣ አንዱን ከአንዱ እያነሣ አሳየኝ። ደብረ ሲና ማርያምን ለማየት ሰዓት አልተረፈንም።

ስመለስ ጋሼን ምን ልላክ አልኳቸው። ቲሸርት እንደማይፈልጉ ፈገግ ብለው ነገሩኝ፤ ቦት ጫማ፣ መንሽ፣ ጆንያ። አዳማ ገብቼ ከመሥሪያ ቤት ሰው መዋጮ ሰበሰብኩ፤ «እምቦጭ ለመንቀል ጎንደር ድረስ?» ያሉኝ ሁሉ ሰጡ፣ አንዷ ብቻ «ለቆቃ ሲሆን ጥሪኝ» ብላ ቀረች፤ መልስ አጣሁላት። ቦቱን በጆንያ አሥሬ በአውቶቡስ ላክሁ፤ ረዳቱ ለጭነት 150 ብር ተቀበለኝ፣ ባጃጁን አስታወሰኝ። የአክስቴ ልጅ ደውላ ደርሷል ብላኛለች። ብዙው 38 ቁጥር ሆኖባቸዋል፤ ውሃ የሚገቡት 42 እና 43 ናቸው፣ በሚቀጥለው ትልልቁን ላኪ ተብያለሁ።