የክፋት ቃላት ላይ ከርሜያለሁ

የእንግሊዝኛ ቃላት ጥናቴ በስንት ጊዜው ፈቀቅ አለልኝ። ሰሞኑን የያዝኩት ወንጀልን፣ በደልንና ፈጣሪን መድፈርን የሚገልጹትን ነው። መዝገበ ቃላት ስገልጥ ሁሉንም «ክፉ»፣ «በደል»፣ «ኃጢአት» እያለ ያልፋቸዋል። በዚህ መንገድ የተሸመደደ ቃል ሳምንት አይቆይም፤ ብን ይላል።

ስለዚህ ከምንጫቸው ጀመርኩ። ቀላሎቹ ቶሎ ገቡልኝ። «ቪለን» (ዛሬ ክፉ ሰው የሚባልበት) የመጣው «ቪላ» ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ መጀመሪያ የጌታ እርሻ ላይ የሚሠራ ባላገር ማለት ነበር። «ኔቭ» ድሮ ተራ ልጅ ነበር፤ ቀጥሎ አሽከር፣ በመጨረሻም አጭበርባሪ ሆነ። ድሃው ምን አደረጋቸው እያልኩ አለፍኩ። «ሚስክሪያንት» ደግሞ እምነቱ የተሳሳተ ማለት ነበር፤ ዛሬ ለማንም ወሮበላ ይባላል።

ፍዳዬን ያሳየኝ «ሳክሪሊጅየስ» (sacrilegious) ነው። የተቀደሰን ነገር የሚያረክስ ድርጊት ይባልበታል። ችግሩ፣ ውስጡ «ሪሊጅየስ» (religious፣ ሃይማኖተኛ) የተደበቀ ይመስላል። የለም! ቀጥተኛ ዝምድናም የላቸውም። ግን አፍ ላይ በጣም ስለሚመሳሰሉ እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎች እንኳ ሲጽፉት ይሳሳታሉ። አነጋገሩም ራሱ ወደ «ሪሊጅየስ» ተስቦ የተለወጠ ነው።

ምንጩ ሁለት የላቲን ቃላት ናቸው፤ «ሳኬር» ቅዱስ፣ «ሌጌሬ» ደግሞ መልቀም ወይም መሰብሰብ። በሮማውያን ዘንድ ቃሉ ቤተ መቅደስ ገብቶ የተቀደሰ ዕቃ የሚሰርቅ ሌባን ይመለከት ነበር። ሙዳየ ምጽዋት የሚሰብረውን ሌባ አስቡት። «ሌጌሬ»ን ከያዛችሁ የፊደሉ ነገር አለቀ፤ ከኤል ቀጥሎ የሚመጣው ኢ ነው። «ሪሊጅየስ» አር፣ ኢ፣ ኤል፣ አይ ብሎ ሲሄድ፣ ይሄኛው አር፣ አይ፣ ኤል፣ ኢ ነው። ሁለቱ አናባቢዎች ቦታ ተቀያይረዋል፣ በቃ። እኔ አሁንም ስጽፈው ሌባውን ሳላስብ እጄ አይሄድም።

ዳዊት ለምትደግሙ ደግሞ አንድ ዘዴ ልስጣችሁ። መዝሙር 51ን (በእኛ ዳዊት 50ኛው ነው) በአማርኛና በ1611ዱ የኪንግ ጄምስ ትርጉም ጎን ለጎን አንብቡት። አማርኛው «መተላለፌን» ያለውን እንግሊዝኛው «ትራንስግሬሽን» ይለዋል፤ የላቲኑ ሥር ተሻግሮ መራመድ ነው። «በደሌ» ያለው ቦታ ላይ «ኢኒኲቲ» አለ፤ ሥሩ እኩል ያልሆነ፣ ያልተስተካከለ ማለት ነው። «ኃጢአቴ» ያለው ቦታ ላይ ያለው «ሲን» ደግሞ ከላቲን ሳይሆን ከጥንቱ እንግሊዝኛ የመጣ ነው። ሦስቱ አንድ ገጽ ላይ ተሰልፈው ሲታዩ አይምታቱም።

በአንድ በኩል ቃል፣ በሌላ በኩል አንድ ትርጉም የሚጻፍበትን ካርድ ግን ተዉት። ለድንችና ለሽንኩርት ይሆናል፤ ለእነዚህ አይሆንም። ምንጭ ብቻውንም አያዋጣም፣ ይሄን እኔው አቀንቃኙ ልናገር። ዛሬ «ቪለን» ሲባል ገበሬ የሚታየው ሰው የለም። ሥሩን ከያዛችሁ በኋላ ቃሉ የገባበትን የዘመኑን ዓረፍተ ነገር ፈልጋችሁ ከሥሩ ጻፉ። እኔ ይሄን የማደርገው ሲመቸኝ ብቻ ነው።

አሁን «ዊክድ» ላይ ነኝ። ክፉ፣ ጨካኝ ማለት መሆኑን ይዤ ነበር፤ ቦስተን አካባቢ ግን «በጣም» ለማለትም ይጠቀሙበታል። «ዊክድ ጉድ» ካሏችሁ ወጡ ጣፍጧቸዋል ማለት ነው። እዚያ ያላችሁ፣ ሽማግሌዎቹም እንዲህ ይላሉ ወይስ የወጣት ነገር ነው?