በሳሎናችን ጥግ የልጆች መጫወቻ ስናዘጋጅ

የምንኖረው አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ነው። ሴቷ ልጃችን አምስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ቀርቷታል፤ ወንዱ ሁለት ዓመት ከመንፈቁ ነው። ባለቤቴም እኔም ግቢ ባለው ቤት ስላደግን ሰኞ ማክሰኞ የምንጫወትበት መሬት አላጣንም፤ የእኛ ልጆች ግን ከበር ሲወጡ የሚያገኙት የሲሚንቶ ደረጃ ነው። ስለዚህ ከቤቱ ውስጥ የእነርሱ የሆነ ቦታ ልንሰጣቸው ወሰንን።

መጀመሪያ ያዘጋጀነው መኝታ ቤት፣ በአልጋውና በቁም ሳጥኑ መካከል ነበር። ሳሎኑ ንጹሕ ሆኖ እንዲቆይ አስበን ያደረግነው ነው፤ ነገር ግን ልጆቹ እዚያ ከአሥር ደቂቃ በላይ አልቆዩም። መጫወቻቸውን እየጎተቱ፣ ባለቤቴ ምግብ ስትሠራ ወደ ወጥ ቤቱ በር፣ እኔ ስገባ ደግሞ ወደ እግሬ ሥር ይመጡ ነበር። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ የሚጫወተው ሰው በሚያይበት ቦታ እንደሆነ የገባን፣ ትንሹ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ካገኘነው በኋላ ነው።

ከዚያ ቡፌውን ለዘመድ ሰጥተን፣ ሶፋውን ወደ አንድ ወገን አስጠግተን፣ ከወጥ ቤቱ በር በቀጥታ የሚታይ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል የሆነ ጥግ አስለቀቅን። አማቴ «እንግዳ ሲመጣ የት ሊቀመጥ ነው?» ብለው ተጨንቀው ነበር። ጭንቀታቸው ይገባኛል፤ ሆኖም በወር ሁለት ጊዜ ለሚመጣ እንግዳ ተብሎ፣ ቀኑን ሙሉ በቤቱ የሚውሉ ልጆች ቦታ ማጣታቸው ትክክል አይደለም ብዬ አምናለሁ።

ወለሉ ሴራሚክ ስለሆነ ይቀዘቅዛል። ያነጠፍነው ስስ የፕላስቲክ ምንጣፍ ስለሚንሸራተት፣ አምስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ በልኩ አስቆርጠን፣ እየወለቀ የሚታጠብ ዚፕ ያለው ልባስ አሰፋንለት። ከሥራችን ላሉት ጎረቤቶችም የሩጫው ድምፅ ቀነሰላቸው።

ከሁሉ የከበደኝ ስህተት የመደርደሪያው ነው። አናጢ ከጣውላ የሠራልኝን፣ ቁመቱ ስድሳ ሳንቲ ሜትር የሆነ መደርደሪያ አጭር ስለሆነ አይወድቅም ብዬ ከግድግዳው ሳላስረው አቆምሁት። በሦስተኛው ቀን ትንሹ እንደ መሰላል ሲወጣበት ወደ ፊት ተጋደመ፤ እጄ ባይደርስ ኖሮ በላዩ ይወድቅ ነበር። በዚያው ምሽት በፊሸርና በብሎን ላስረው ብሞክር፣ ግድግዳው ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ስለሆነ ከነልስኑ ተነቅሎ ወጣ። በመጨረሻ የያዘልኝ፣ መደርደሪያውን ወደ ኮለኑ (ወደ ሕንፃው ምሰሶ) አዛውሬ ኮንክሪቱን በድሪል በስቼ በሁለት ብረት ስይዘው ነው። ሶፋውንም ከመስኮቱ፣ ዱካውንም ከበረንዳው ያራቅነው በዚያው ሳምንት ነው።

ልጄ ከሁሉ የምትወደው እቃቃ ነው። ከገበያ የተገዛላትን ትንሽ የሸክላ ጀበናና ሦስት ስኒ ይዛ፣ በቆርቆሮ ክዳን ላይ ሽምብራ «ትቆላለች»፤ ከዚያ ተነሥታ ክዳኑን በሁለት እጇ ይዛ ወደ አያቷ ትሄዳለች፤ አማቴም የሌለውን ጭስ በእጃቸው ወደ ፊታቸው እየሳቡ ይመርቋታል። አንድ ቀን ግን ከሽምብራው አንዱን ትንሹ አፍንጫው ውስጥ ከተተው። ደረቅ እህል እርጥበት ሲያገኝ ስለሚያብጥ፣ ራሳችን ለማውጣት ሳንታገል ወደ ክሊኒክ ወሰድነው፤ ሐኪሙም አወጣለት። ከዚያ ወዲህ በሶፍት ጥቅል መሃል ባለው ካርቶን ውስጥ የሚያልፍ ማንኛውም ነገር ወደዚያ ጥግ አይገባም። «ቡናው» አሁን በቡጢ ልክ የተቋጠረ ቡናማ ጨርቅ ነው፤ ልጄም አልተቃወመችም።

መጫወቻውንም ቀንሰናል። ሁሉም በተዘረገፈ ጊዜ ልጆቹ አንዱን ጥለው ሌላውን ከማንሣት በቀር አይጫወቱም ነበር። አሁን መደርደሪያው ላይ ስድስት ነገር ብቻ ይቀመጣል፤ የቀረው በካርቶን ሆኖ ቁም ሳጥኑ ላይ ይቆያል፤ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ፣ የስፖንጁ ልባስ በሚታጠብበት ቀን፣ ልጄ ራሷ መርጣ ትለዋውጠዋለች።