«አስነዋሪ ነገር» ስንት ቃል ይደብቃል

ሐሙስ ማታ፣ ቱሉ ዲምቱ

የትንኮሳ አቤቱታ የሚጻፍበት አማርኛ ጨዋ ነው፤ ሲበዛ ጨዋ። «አስነዋሪ ነገር ተናገረኝ»፣ «ያልተገባ ድርጊት ፈጸመብኝ»፣ «ክብሬን የሚነካ ቃል ሰነዘረብኝ»። ወረቀቱ የሰው ኃይል ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ የሚጨበጥ ነገር የለውም። ምን አለ? የት ቆሞ? ማን ሰማ? ሰውየው ይጠራል፣ «ኧረ ስቀልድ ነው» ይላል፣ ቀልዱ ምን እንደነበረ ወረቀቱ አልያዘምና የሚሞግተው አይኖርም። የተናገረው እሱ፣ ቃሉን ለመጻፍ የምታፍረው እሷ።

እዚህ ዳር ሰፈር ብዙዋ ሴት በፈረቃ ነው የምትሠራው፤ ልብስ ስፌት፣ ማሸጊያ፣ ጽዳት። ስለዚህ ከወረቀቱ ልጀምር።

ቃሉ እንደወረደ ይጻፋል፣ በዚያው ቀን፣ ስልክ ላይም ቢሆን። በኦሮምኛ ወይም በወላይትኛ የተባለው በተባለበት ቋንቋ ይቀመጥና ትርጉሙ ከሥሩ ይግባ። እጅ ከነበረበት የት እንዳረፈ፣ ጎትቶ እንደሆነ፣ በር ዘግቶ እንደሆነ ይጠቀስ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ትንኮሳንና ጥቃትን ለያይቶ ነው የሚተረጉመው። በቃል፣ በምልክት ወይም በሌላ መንገድ ያለፈቃድ ለወሲብ መገፋፋት ትንኮሳ ነው፤ ኃይል ወይም የኃይል ሙከራ ሲጨመርበት ጥቃት ይሆናል። «ክንዴን ይዞ ወደ መጋዘኑ ጎተተኝ» የሚለው አንድ መስመር ጉዳዩን ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግረዋል። «ያልተገባ ድርጊት» ግን የትም አያደርስም።

ሰዓት ላይ የሚበላሸው አቤቱታ ብዙ ነው። እኛ «ማታ 2 ሰዓት ተኩል» እንላለን፣ የፈረቃ መዝገቡ 20:30 ይላል፤ አንዷ «2:30» ብላ ብቻ ከጻፈች አንባቢው ከሌሊቱ ወይም ከቀትር በኋላ አድርጎ ይወስደዋል። ምስክሯም ያለ ሐሰት «እኔ በዚያ ሰዓት አልነበርኩም» ትላለች። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ማስፈር ነው፣ ቀኑንም እንደዚያው።

ከዚያ ሁለት ኮፒ። አንዱ መዝገብ ቤት ይገባል፣ ሌላው ላይ ተቀባዩ ስሙን፣ ቀኑንና ፊርማውን ያኖርበታል፣ ማህተም ካለም ማህተም። «ትተሽው ሂጂ፣ እናየዋለን» ከተባለ አልተቀበሉም ማለት ነው፤ ያኔ በሠራተኛ ማህበሩ በኩል ማስገባት ወይም በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ (ተመዝግቦ በሚላክ ደብዳቤ) መላክ ይሻላል። ኮፒው የቢሮ ጣጣ ይመስላል እንጂ ዋናው ነገር እሱ ነው። በአዋጁ አንቀጽ 32 መሠረት ትንኮሳው ከአሠሪው ወይም ከሥራ መሪ ከመጣ፣ ወይም ከባልደረባ መጥቶ አሠሪው እየተነገረው እርምጃ ካልወሰደ፣ ሠራተኛዋ ያለማስጠንቀቂያ መልቀቅ ትችላለች። መነገሩን የምታስረዳላት ፊርማ ያረፈባት ያቺ ወረቀት ናት። ይህ መብት ግን ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ካቆመበት ቀን አንስቶ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ይቀራል። በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ ሰው 15 የሥራ ቀን ሁለት ሳምንት ተኩል ነው፤ «ይሄ ደሞዝ ይግባና» ተብሎ ሲጠበቅ ያልፋል።

ታክሲ ውስጥ ወረቀት የለም፣ ያለው ጉሮሮ ነው። ማታ ወደዚህ የሚመጣው ሚኒባስ ቃሊቲን ሲያልፍ ትርፍ ይጭናል። «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላል ረዳቱ፣ በሦስት ሰው ወንበር አራት ይቀመጣል፣ የውስጥ መብራቱ ይጠፋል። ሴት የሚነካካው እጅ የሚንቀሳቀሰው መጨናነቁን ሰበብ አድርጎ ነው። ለዚህ ነው «እንዴ!» ብሎ መሸሽ የማይሠራው፤ ሌላው ተሳፋሪ የመገፋፋት ነገር ይመስለዋል። «ባለ ሰማያዊ ጃኬቱ፣ እጅህን ከጭኔ ላይ አንሳ» ሲባል ግን ሁሉም ዞሮ ማንን እንደሚያይ ያውቃል፣ እሱም ተጨናንቄ ነው ለማለት አፉ ይያዛል። ስድብ መጨመር አይበጅም። ስድብ ከገባበት ወሬው ወደ ስድቡ ይዞርና «ደግሞ አፏ!» ይመጣል።

አጠገብ ላለ ሰው ደግሞ ሥራው ከሰውየው ጋር መደባደብ አይደለም። እሷን ማናገር ነው፦ «እህቴ፣ ነይ ቦታ እንቀያየር»። ለረዳቱ «መብራት አብራ» ማለትም በቂ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ሲበራ እጁ ወደ ኪሱ ይመለሳል። («እህትህ ብትሆንስ?» የሚለው የለመድነው ተግሣጽ አይጥመኝም። ወንድም የሌላት ሴት ትነካ ማለት ነው?) መውረድ የመጨረሻው አማራጭ ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ ጭር ባለ መንገድ «ወራጅ አለ» ካለች እሱም ተከትሎ ሊወርድ ይችላል፤ ሱቅ ወይም ጥበቃ ያለበት ቦታ ድረስ መታገሥ፣ ከተቻለ ከሌላ ሴት ጋር መውረድ። ሰሌዳውና በሩ ላይ ያለው የጎን ቁጥር ከመሳፈር በፊት ይታያል። ከወረዱ በኋላ የሚታየው የኋላ መብራት ብቻ ነው።

ወደ ቀለምና ወደ ዘር ስንመጣ ጨዋው አማርኛችን ድንገት ይጠፋል። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ «ባሪያ» የሚለው ቃል ግን በልጆች ጠብ፣ በታክሲ ሰልፍ፣ በሠርግ ቤት ሐሜት ውስጥ እስከ ዛሬ አለ። ከጋምቤላ የመጣ ተማሪ በገዛ አገሩ በእንግሊዝኛ ይጠራል፣ ከታሪፉ በላይም ይጠየቃል። እዚህ ላይ ንግግር ማድረግ አያስፈልግም። «ረዳት፣ እኔ ስንት ከፈልኩ? እሱም ያንኑ ነው» ካሉ ያልቃል።

የሚያስቸግረው የተሸፋፈነው ነው። «ጥቁር ብትሆንም ቆንጆ ናት» የምትለው ብዙ ጊዜ አክስት ናት፣ ወይም የምንወዳት ጎረቤት። ነውሩ ያለው ከ«ብትሆንም» መጨረሻ ላይ ባለችው «ም» ውስጥ ነው። «ዘረኛ ነዎት» ቢባሉ ይቀየማሉ፣ ነገሩም ወደ ማስታረቅ ይሄዳል። «እትዬ፣ ‹ም›ን ምን አመጣት?» ብሎ በፈገግታ መጠየቅ ግን የተናገሩትን ለራሳቸው ያሰማቸዋል።

ስድቡ ከባድ ሲሆን ሕግ አለ፣ ሁለት መንገድ አለው። ፊት ለፊት ለአንድ ሰው የተወረወረ ስድብ በወንጀል ሕጉ በግል አቤቱታ የሚያስጠይቅ ነው፤ አቤቱታው ድርጊቱና አድራጊው ከታወቁ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳ ንግግር በአደባባይ ከተሰራጨ የአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ጉዳይ ነው። የኮንዶሚኒየም ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ በሁለቱ መካከል ይወድቃል። የትኛውም ቢሆን ላኪው መልእክቱን ከሁሉም ስልክ ላይ ሊያጠፋው ስለሚችል ወዲያው ስክሪንሾት ይነሳል፦ የግሩፑ ስም፣ ቀኑ፣ ከላይና ከታች ያለው ንግግር ሳይቆረጥ፣ ቀጥሎ የሰውየው ፕሮፋይል ከነዩዘርኔሙ። ዩዘርኔም በደቂቃ ይቀየራል። ፎርዋርድ የተደረገ ቅጂ ብቻ መያዝ አያስተማምንም፣ የላኪው ስም ላይታይ ይችላልና።

ቤት ኪራይ ላይ ጥያቄውን የሚጠይቀው ደላላው ነው፣ በአከራይ ስም። «ላጤ ሴት አይፈልጉም»፣ «የት አገር ሰው ነሽ?»። ራሳቸውን አከራዩን ማግኘት ከተቻለ ግማሹ ወሬ የደላላው ሆኖ ይገኛል። መታወቂያ ሲጠየቅ ፋይዳ ማሳየት ይበቃል፤ ብሔርም ሃይማኖትም የለበትም። ከገቡ በኋላ ደግሞ «ወንድ አምጥተሻል» ተብሎ በሳምንት መባረር የሚያቆመው የጽሑፍ ውል ነው። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር እንዳይበልጥ ይላል። የመጀመሪያውን እምቢታ አያስቀርም፣ ይሄን መካድ አይቻልም።

ዳር ሰፈር መኖር ፖሊስ ላይም የራሱ ጣጣ አለው። ታክሲው ወደ ገላን ሲታጠፍ ከአዲስ አበባ ወጥቶ በ2015 ዓ.ም. ወደተመሠረተው ሸገር ከተማ ይገባል፣ ፖሊሱም የኦሮሚያ ይሆናል። ስለዚህ 991 ሲደወል «ታክሲ ውስጥ» ማለት አይበቃም፤ የትኛውን አደባባይ ወይም ማደያ እንዳለፈ መናገር ነው። ጣቢያ ሲደረስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍሉን መጠየቅ፣ አቤቱታውን በረንዳ ላይ ሰው መሃል አለመናገር።

የደረሰው መደፈር ከሆነ ሐኪም ቤት ይቀድማል። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ቶሎ በሆነ ቁጥር ይሻላል፣ የሚወሰደውም ለ28 ቀን ነው። ገላ አይታጠብም፤ ልብሱ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ይጠቀለላል፣ ፌስታል እርጥበት ይዞ ማስረጃውን ያበላሸዋል። ጋንዲ ሆስፒታል ሕክምናውንም የሕግ ድጋፉንም በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለው።

አንድ ትንሽ ነገር ቀረችኝ፣ የስብሰባ ነገር። የዕድርም ሆነ የብሎክ ኮሚቴ ሲመረጥ ሰብሳቢው ወንድ፣ ገንዘብ ያዡ ወንድ፣ «ጽሕፈቷ ያምራል» ተብላ ቃለ ጉባኤ ያዧ ሴት። ጓዳ ከመግባት ይሻላል ይባላል እንጂ ያው አፍ የማስያዝ ዘዴ ነው፤ የምትጽፍ ሰው አትናገርም። ይሁን እንጂ ብዕሩ እጇ ላይ ነው። አንዱ ተነሥቶ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ሲል የተለመደው አጻጻፍ «በጉዳዩ ላይ ሰፊ ውይይት ተደርጓል» የሚል ነው። በምትኩ የተናጋሪውን ስም አስቀድማ ቃሉን በትእምርተ ጥቅስ ማስፈር ትችላለች። ቃለ ጉባኤ መጨረሻ ላይ በንባብ ተሰምቶ ይፈረማል፤ ተናጋሪው ወይ ቃሉን ያነሳል፣ ወይ ከሥሩ ይፈርማል።