ዲስኩ ሲሞላ ባክአፑን ቀድሜ ሰረዝኩት

አጎቴ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አላቸው። የሱቁን ድረ ገጽና ኢሜይል የምይዘው እኔ ነኝ። ደመወዝ የለውም፣ ምሳ ግን አለው። ሆስቲንጉ፣ ማለትም ድረ ገጹና ኢሜይሉ የሚቀመጡበት የኪራይ ቦታ፣ ሲፓነል የሚባል ማስተዳደሪያ ያለው ተራ የጋራ አካውንት ነው፣ 10 ጊጋባይት።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ዱባይ ያለው አቅራቢያቸው ደወለ። ፕሮፎርማ ለመላክ ሦስቴ ሞክሮ ሦስቴም ኢሜይሉ ተመልሶበታል። ስገባ ዲስኩ ጢም ብሏል። ዲስክ ሲሞላ የሚቆመው ኢሜይል ብቻ አይደለም። ድረ ገጹ የሚሠራበት ዎርድፕረስ ፎቶ አልቀበል ይላል፣ ማዘመን ከጀመራችሁም መሃል ላይ ጥሏችሁ ይቀራል።

ለሆስቲንግ ድርጅቱ ደወልኩ። "ፓኬጅ ያሳድጉ" አሉኝ። ምን እንደሞላው እንኳ አልጠየቁም። እልህ ያዘኝና ስልኩን ዘግቼ "ራሴ አጸዳዋለሁ" አልኩ። በእልህ የሚሰረዝ ፋይል ምን እንደሚያስከትል ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልጨርሰው። ሲፓነል ውስጥ "ዲስክ ዩሴጅ" የሚለው ገጽ የትኛው ፎልደር ስንት እንደበላ ያሳያችኋል። የእኛ ኤረር ሎግ (ስህተት የሚመዘገብበት ፋይል) ብቻውን 900 ሜጋባይት ሆኖ ነበር። ይሰረዛል፣ ምንም አይሆንም። ከመሰረዛችሁ በፊት ግን የመጨረሻዎቹን ጥቂት መስመሮች አንብቡ፤ ስህተቱን የሚያወጣውን ፕለጊን (ዎርድፕረስ ላይ የሚጨመር ፕሮግራም) ካላስተካከላችሁ ተመልሶ ይሞላል። ካሹን (ገጹ ቶሎ እንዲከፈት የሚቀመጡ ጊዜያዊ ቅጂዎችን) ከራሱ ከካሽ ፕለጊኑ አጥፉት። በፋይል ማኔጀር የሰረዛችሁት ደግሞ ትራሽ ውስጥ ይቀመጣል፣ እዚያም ሆኖ ቦታ ይቆጥርባችኋል። ትራሹን ባዶ አድርጉት።

እኔ ግን በዚህ አልጀመርኩም። ትልቅ ትልቁን ፈለግኩ።

አንደኛው ትልቅ ነገር 3 ጊጋባይት የሚሆን የታሸገ ፋይል ነበር። ራሴው ከዓመት በፊት ያወጣሁት የሙሉ አካውንቱ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ)። "ይሄ አሮጌ ነው" ብዬ ሰረዝኩት። ትራሽ ውስጥ እንዳይገባም ምልክቱን አደረግኩ፤ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ።

ሁለተኛው ኢሜይል ነበር፣ 4 ጊጋባይት አልፏል። ሲፓነል ከአንድ ዓመት በላይ የሆናቸውን መልእክቶች ባንዴ መሰረዝ የሚያስችል ገጽ አለው። በልቤ "ሱቁ ኮምፒውተር ላይ የኢሜይል ፕሮግራሙ አውትሉክ አለ፣ ሁሉም እዚያ ተቀምጧል" አልኩ። እስከመጨረሻው ይሰረዝ የሚለውን ተጫንኩ። ቁጥሩ ቁልቁል ወረደ። ደስ አለኝ። ሻይ አዘዝኩ።

ሻዩ ሳይመጣ ጸሐፊዋ ደወለች።

"ስማ፣ ዓይኔ እያየ ኢሜይሉ እየጠፋ ነው። ቫይረስ ነው እንዴ?"

የድሮ ደብዳቤ ፈልጋ ወደ ታች ስትወርድ መስመሮቹ ከፊቷ እየተነሱ ነበር። አውትሉኩን አይማፕ በሚባለው የኢሜይል ማገናኛ መንገድ ያገናኘሁት እኔው ነኝ። በአይማፕ ኮምፒውተሩ ላይ የምታዩት ሰርቨሩ (የሆስቲንጉ ኮምፒውተር) ላይ ያለውን ነው፤ እዚያ የተሰረዘ እዚህም ይሰረዛል። የአጎቴ ስልክም እንደዚያው። ሌላው መንገድ በሆነው በፖፕ ቢሆን ኖሮ ኮምፒውተሩ ያወረደውን ይዞ ይቀር ነበር። ይህንን አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። አውቃለሁ። ያን ሰዓት ግን ትዝ አላለኝም።

"ኬብሉን ንቀይው!" ብዬ ጮህኩ። እሷ ኬብሉን ጠረጴዛው ስር ፈልጋ እስክታገኝ አልቆ ነበር።

አጎቴ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው "የአይሱዙዎቹስ?" ብቻ አሉ። የኤንፒአርና የኤፍኤስአር (የአይሱዙ ጭነት መኪኖች) ዕቃዎች የፓርት ነምበር ዝርዝር በሙሉ ከአቅራቢው ጋር የተጻጻፉት ኢሜይል ውስጥ ነው። የትኛው የፍሬን ሸራ እንደተመለሰ፣ የትኛው ቁጥር በየትኛው እንደተተካ፣ በስንት እንደተስማሙ። እኔ "አሮጌ ኢሜይል" ያልኩት የሳቸው መዝገብ ነበር።

እንደገና ድርጅቱ ጋ ደወልኩ። ማስታወቂያቸው ላይ "ዕለታዊ ባክአፕ" ይላል፤ ከፓኬጁ ስም እንኳ ገዝፎ ነው የተጻፈው። ልጁ ፈልጎ መጣና "አካውንታችሁ ከ5 ጊጋ ስለበለጠ ባክአፕ ውስጥ አልገባም" አለኝ። ውሉ ላይ አለ አለኝ። አየሁት፣ እውነትም አለ፤ ማንም የማያነበው ቦታ። ቀጥሎ ምን እንዳለ ገምቱ። ፓኬጅ ያሳድጉ! 10 ጊጋ ሸጠውልኝ ከ5 በላይ ስጠቀም ባክአፕ እንደሚቀርብኝ ሲሸጡልኝ ያልነገሩኝ ለምንድን ነው? እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ያዳነን አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። አጎቴ ቤት፣ ቁም ሳጥን ላይ፣ ባትሪው የሞተ። በፊት ኢሜይል ያዩበት ነበር። ከማብራቴ በፊት ራውተሩን ከሶኬት ነቀልኩት። ላፕቶፑ ኢንተርኔት ካገኘ ያው ታሪክ ይደገማል። ከዚያ አውትሉኩን ያለ መስመር ከፈትኩት። አለ! ሁሉንም ወደ አንድ ፋይል አውጥቼ በሁለት ፍላሽ ገለበጥኩ። ላፕቶፑ ለመጨረሻ ጊዜ ኢሜይል የተቀበለው ግን ከሁለት ዓመት በፊት ነበር። ስለዚህ መሃል ያለው የአንድ ዓመት ደብዳቤ ቀረ። እኔ የሰረዝኩት ባክአፕ ቢኖር አብዛኛው እዚያ ውስጥ ነበር።

አሁን ብሠራው በሌላ ቅደም ተከተል ነው የምሠራው። መመሪያዎቹ "መጀመሪያ ሙሉ ባክአፕ አውጡ" ይላሉ። ዲስኩ ሞልቶ ይሄ አይሆንም፤ ባክአፑ የሚጻፈው እዚያው አካውንት ውስጥ ስለሆነ ቦታ አጥቶ ይቋረጣል። መጀመሪያ ሎጉን፣ ካሹንና ትራሹን አጥፉ። በተገኘችው ቦታ ባክአፑን አውጡ፣ አሁንም ካልበቃ ፋይል ማውረጃ በሆነው በፋይልዚላ ፎልደር በፎልደር አውርዱ። ኮምፒውተራችሁ ላይ ከፍታችሁ እዩት፤ ወርዶ የማይከፈት ባክአፕ ብዙ ነው። ሌላው ከዚያ በኋላ ይምጣ። የድሮ ኢሜይል ማንሳት ግድ ከሆነ አውትሉክ ውስጥ ከኢሜይል አካውንቱ ውጭ ወደሆነ የኮምፒውተሩ ፋይል አዛውሩት፤ አብሮ ከሰርቨሩ ይነሳል። ያን ፋይልም በሌላ ዲስክ ደግማችሁ ያዙት።

"ፎቶዎቹን ዚፕ አድርጉ" የሚሉ አሉ። ጄፔግ መጀመሪያውኑ የታመቀ ነው፣ ዚፕ ብታደርጉት ይህ ነው የሚባል ቦታ አትቆጥቡም። ዎርድፕረስ ለአንድ ፎቶ በየመጠኑ የሚያወጣቸውን ትናንሽ ቅጂዎችም በእጅ አትልቀሙ፣ ገጾቹ የሚጠሩት እነሱን ነው። ፎቶውን ሳትጭኑ በፊት አሳንሱት። ከስልክ የወጣ ትልቅ ፎቶ ለፍሬን ሸራ ምን ያደርጋል?

አካውንቱ አሁን 5 ጊጋ አይሞላም፤ ፓኬጅም አላሳደግንም። ይቺን እንኳ አሸነፍኩ። አጎቴ ግን የሚመጣውን ፕሮፎርማ ሁሉ እያሳተሙ ቦክስ ፋይል ውስጥ ያስገባሉ። ኮምፒውተሩ ላይ ስቀመጥ ጸሐፊዋን "ቦክስ ፋይሉን ወዲህ አምጪው" ይሏታል።