ለመስኮት መድከም ያዋጣል ወይ?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቤት የሠራ ሰው ስለ መስኮቶቹ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ «ብረት ነው፤ ምን ይሆናል?» ብሎ ይመልሳል። ይህ አነጋገር ብዙ ቤት እንደጎዳ አምናለሁ። መስኮትን በየጊዜው መንከባከብ በእርግጥ ያዋጣል፤ ችግሩ አብዛኞቻችን የምንደክመው በማይጠቅመው በኩል መሆኑ ነው። በዓል በተቃረበ ቁጥር መስተዋቱ እስኪያብረቀርቅ ይወለወላል፤ መስኮቱን የሚገድለው ግን በመስተዋቱ ላይ ያለው አቧራ ሳይሆን ከሥሩ የሚተኛው ውሃ ነው።

በእኛ ደጋ ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘልቃል። የሣር ቤት ክዳን ከግድግዳው ብዙ ወጣ ስለሚል መስኮቱን ይጋርደው ነበር፤ የዛሬው ቆርቆሮ ግን ብዙ ጊዜ አጥሮ ስለሚቆረጥ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ መስኮቱን በቀጥታ ያገኘዋል። ውሃው በመስተዋቱ ላይ ወርዶ የሚያርፈው በታችኛው አግዳሚ ብረት ላይ ነው። መስተዋቱን ከብረቱ ጋር የሚያይዘው ስቱኮ በቀድሞው አሠራር የኖራ ድንጋይ ዱቄት በተልባ ዘይት ተለውሶ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ አዲስ ሳለ እንደ ሊጥ ይለመጣል፤ በበጋው ፀሐይ እየደረቀ ሲሄድ ግን ይሰነጠቃል፣ ከመስተዋቱም ይላቀቃል። ስንጥቁ ጥፍር የማያስገባ ቢሆንም ውሃ ያስገባል፤ የገባውም ውሃ ፀሐይና ነፋስ ስለማያገኘው ቶሎ አይደርቅም። ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ የሚይዝ በመሆኑ ቀለሙን ከውስጥ ገፍቶ ይልጠዋል፣ መስተዋቱንም ያስጨንቀዋል። ማንም ሳይነካው የተሰነጠቀ መስተዋት ስናይ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ስለዚህ ዋናው ሥራ መታየት ያለበት ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ነው። በሚያዝያ ገደማ የታችኛውን ስቱኮ በቢላዋ ጫፍ ቀስ ብሎ መነካካት፣ የሚላቀቀውን ፍቆ ማውጣትና በአዲስ መተካት ያስፈልጋል። በተልባ ዘይት የተለወሰ ስቱኮ ቀለም ለመቀበል ሳምንታት ይፈልጋልና ሥራው እስከ ሰኔ ዋዜማ ባይቆይ ይመረጣል። የዛገውን ብረት በብረት ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪታይ ድረስ መፈግፈግ፣ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል የሥር ቀለም) መቀባት፣ ሲደርቅም የዘይት ቀለም ሁለት ጊዜ መደረብ ነው። ዝገቱን ሳያነሡ በላዩ ላይ መቀባት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ቀለሙ ከነዝገቱ ይነሣል። አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፦ ቀለሙ ስቱኮውን አልፎ በመስተዋቱ ላይ 2 ሚሊሜትር ያህል መውጣት አለበት። ስቱኮውና መስተዋቱ የሚገናኙበትን መስመር የሚደፍነው እርሱ ነው። ቀለም ቀቢዎች ለማሳመር ብለው ያችን ቀጭን መስመር በምላጭ ሲያነሡ ሳይ በጣም አዝናለሁ፤ ውሃው የሚገባው በዚያ ነውና።

አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም። ሆኖም በታችኛው ክፈፉ ላይ ለውሃ መውጫ የተተዉት ትንንሽ ቀዳዳዎች በአቧራና በሞተ ዝንብ ሲደፈኑ ውሃው ወደ ቤት ይመለሳል፤ በቀጭን ሽቦ መክፈት ከበቂ በላይ ነው።

1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ባሕር ዳርና ከዚያም ዝቅ ባሉት ቆላማ ወረዳዎች ጉዳዩ የንብረት ብቻ አይደለም። ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ የወባ ትንኝ ስለሚበረታ፣ የመስኮቱ ወንፊት ጥግ ላይ የተቀደደች ትንሽ ቀዳዳ ወንፊቱን በሙሉ ከንቱ ታደርገዋለች። እዚያ ለሚኖር ሰው በነሐሴ መጨረሻ ወንፊቱን ዞሮ ማየት ልጆቹን መጠበቅ ነው።

ልፋቱ የማያዋጣበትም ቦታ አለ። የታችኛው አግዳሚ ተበልቶ ከተበሳ በኋላ ቀለም አይመልሰውም፤ ያን ክፍል ብቻ በያጅ ቆርጦ ቢተካው ይሻላል። ሳይደርቅ ተሠርቶ የተጣመመ የባሕር ዛፍ መስኮትንም በየዓመቱ ከመላግ፣ አቅም ከተገኘ በዋንዛ ወይም በጽድ መተካት ይመረጣል። ይሁን እንጂ ሙሉ መስኮት መቀየር ብቻውን የሚመጣ ወጪ አይደለም፤ ክፈፉ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሲነቀል ልስኑም፣ የውስጥ ቀለሙም አብሮ ይሄዳል። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የአንድ ጣሳ አንቲረስትና የአንድ ቅዳሜ ልፋት ምንም አይደለም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የኪራይ ቤት ነገር ነው። ተከራዩ «ቤቱ የእኔ አይደለም» ይላል፤ አከራዩ ደግሞ መስኮቱን ከውስጥ የሚያየው ተከራይ ሲለቅ ብቻ ነው። በመካከል መስኮቱ ይበሰብሳል። ውል ሲፈረም ቀለሙንና ስቱኮውን አከራዩ እንዲገዛ፣ በየዓመቱ የማየቱና የማሳወቁ ኃላፊነት የተከራዩ እንዲሆን በአንድ መስመር ቢጻፍ ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ ቤት የምታከራዩ ወገኖቼ በሚቀጥለው ውላችሁ ላይ ይህችን መስመር እንድትጨምሩ እለምናችኋለሁ።